ጉሮሮ ውስጥ የሚቀመጠው ጎዝ፦ የ140 ዓመት ታሪክና ለሳይነስ ታካሚዎች የሚነግረን ነገር



ሰሞኑን አንዲት እኅታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተርዬ፣ የሳይነስ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞልኛል። ከእኔ በፊት የተሠራላት ጎረቤቴ ከሰመመን ስትነቃ ጉሮሮዋ እንደ ቁስል ሆኖባት ነበር። ስትጠይቅ ለካስ ጉሮሮዋ ውስጥ ጎዝ ጠቅጥቀውባት ኖሯል። ይኼ ለምን ይደረጋል? ረስተውት ቢወጡስ?»

አጭሩን መልስ ያኔውኑ ሰጥቻታለሁ። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ሰነበተ። ምክንያቱም ይህች ቁራጭ ጎዝ ረጅም ታሪክ አላት። አንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ያተረፈ ነገር እንዴት ልማድ እንደሚሆን፣ ልማዱም እንዴት ራሱ አደጋ ሊሆን እንደሚችል በደንብ ታሳያለች። ዛሬ ታሪኩን አጫውታችኋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ለታካሚዎች የሚጠቅመውን ምክር ታገኛላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ችግሩ ምንድን ነው?

አፍንጫችን ከኋላ በኩል ወደ ጉሮሮ ይከፈታል። ነስር ነስሮት አንገቱን ወደ ኋላ ያጋደለ ሰው ደሙ ጉሮሮው ላይ ሲወርድ ቀምሶታል። ነቅተን ሳለን እንውጠዋለን፣ እንተፋዋለን ወይም ያስለናል። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ግን አያስልም፣ አይውጥም። ሳይነስ ሲሠራ የሚፈስሰው ደም ያለው መንገድ ሁለት ነው፦ ወይ ወደ ሳንባ፣ ወይ ወደ ጨጓራ።

ወደ ሳንባ ከገባ ትንፋሽ ያውካል፤ ሲከፋ ይገድላል። ወደ ጨጓራ ከወረደ ደግሞ ጨጓራ ደም አይወድም፤ ታካሚው ሲነቃ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋል።

በኦፕራሲዮን ክፍል ቋንቋ «ትሮት ፓክ» የሚባለው ነገር ለዚህ የታሰበ ነው። ታካሚው ከተኛና የመተንፈሻ ቱቦው ከገባለት በኋላ በውሃ የራሰ ረጅም ጎዝ በጉሮሮው ዙሪያ ይጠቀጠቅና ደሙን እንዲመጥ ይደረጋል። ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ይወጣል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

🔹 ሰመመን መጣ፣ ፍርሃቱ ግን አልሄደም

በጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በኢተር ሰመመን ሰጥቶ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ኮሊንስ ዋረን ከአንድ ወጣት አንገት ላይ እብጠት አወጣ። በዓመቱ ደግሞ የኤደንብራው ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ። ዓለም «ከእንግዲህ ቀዶ ሕክምና ያለ ሕመም ሆነ» አለ።

የአፍ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪሞች ግን በሙሉ ልብ ሊደሰቱ አልቻሉም። እግር ወይም እጅ የሚቆርጥ ሐኪም ታካሚውን በደንብ አስተኝቶ ይሠራል። አፍ ውስጥ የሚሠራው ግን ታካሚውን በደንብ ካስተኛው ደሙ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ በደንብ ካላስተኛው ታካሚው ይሰቃያል። ስለዚህ ብዙዎቹ መሐል ላይ ቆሙ፦ ታካሚው ደሙን አስሎ እንዲያወጣ ግማሽ ሰመመን ብቻ ይሰጡት ነበር። ግማሽ ሰመመን ማለት ግማሽ ሕመም ማለት ነው።

ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ትሬንደለንበርግ በ1871 ባሳተመው ሥራው ሌላ መላ አቀረበ። (የኦፕራሲዮን ክፍል ባልደረቦቼ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ታካሚው ጭንቅላቱ ዝቅ፣ እግሩ ከፍ ብሎ የሚተኛበት አቀማመጥ በስሙ ይጠራል።) መላው አንገትን ከፊት በስቶ ቱቦ ማስገባት፣ በቱቦው ዙሪያ ያለውን የጎማ ፊኛ ነፍቶ የአየር ቧንቧውን መዝጋት ነበር። ደሙ ከላይ ይቀራል፣ ሰመመኑ ከታች ይገባል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ይሁን እንጂ ለአፍ ቀዶ ሕክምና ሲባል የሰው አንገት መብሳት ቀላል ዋጋ አልነበረም።

🔹 ግላስጎው፣ ሐምሌ 5 ቀን 1878

የዛሬዋ ጎዛችን የምትወለደው እዚህ ላይ ነው።

በስኮትላንድ በግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ ዊሊያም ማክዊን የተባለ ቀዶ ሐኪም ነበር። የምላሱ ሥር ላይ ካንሰር የወጣበት አንድ የግድግዳ ልስን ሠራተኛ መጣለት። ዕጢው መቆረጥ አለበት፤ ደሙ ደግሞ በቀጥታ ወደ ማንቁርቱ የሚወርድ ነው። ማክዊን አንገት ሳይበሳ ቱቦውን በአፍ በኩል ማስገባት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ በአስከሬን ላይ ተለማምዶ ነበር።

በሐምሌ 5 ቀን ሞከረው። ዛሬ እንዳለን ዓይነት ብርሃን ያለው መሣሪያ አልነበረውም፤ ታካሚው ነቅቶ ሳለ በጣቱ እየዳሰሰ የብረት ቱቦ በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው አስገባለት። ሳሉ ሲረጋ ክሎሮፎርሙ በቱቦው በኩል ተሰጠ። ከዚያም ቱቦው ፊኛ ስለሌለው፣ ደሙ በቱቦው ጎን እንዳይወርድ ከማንቁርቱ በላይ ያለውን ቦታ ወተፈው። ዕጢው ወጣ፤ ደሙም ወደ ሳንባ አልወረደም።

ማክዊን ይህንን በ1880 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተመ። ለሰመመን ሲባል በአፍ በኩል የገባ የመጀመሪያው ቱቦ ተብሎ በሕክምና ታሪክ ይጠቀሳል። እኛ ግን ሁለተኛውን ነገር ልብ እንበል፦ ቱቦውና የጉሮሮው ውትፍ መንታ ሆነው ነው የተወለዱት። ውትፉ ያስፈለገው ቱቦው ብቻውን የአየር ቧንቧውን ስለማይዘጋ ነበር። ይህችን ምክንያት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

🔹 ፊታቸውን በጦርነት ያጡ ወታደሮች

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካስሉ ጀርመናዊ ሐኪም ፍራንዝ ኩን የሚተጣጠፍ የብረት ቱቦ ሠርቶ፣ ጉሮሮውን በጎዝ እየጠቀጠቀ ዘዴውን ለማስፋፋት ብዙ ደከመ። በጊዜው ግን ሰሚ አላገኘም።

ሰሚ ያስገኘው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በምሽግ ውስጥ የሚዋጋ ወታደር ቀና ሲል የሚመታው ፊቱ ነበር። መንጋጋቸው፣ አፍንጫቸው፣ ጉንጫቸው የተነሣ ወጣቶች በእንግሊዝ ሲድካፕ ወደነበረው ኩዊንስ ሆስፒታል ይወሰዱ ነበር። በዚያ ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ቀዶ ሐኪም የወታደሮቹን ፊት እንደገና ይሠራ ነበር።

ሰመመን የሚሰጡት ጦርነቱ እንዳበቃ የተቀላቀሉት አይቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦተም ነበሩ። ችግራቸውን አስቡት፦ ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው ፊት ላይ ነው፤ ሰመመን ሰጪው ጭምብሉን የሚያደርገውም እዚያው ፊት ላይ ነው። ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነው። በቀጭን ቱቦ ኢተር ሲነፉ ደግሞ ታካሚው የሚያወጣው ትንፋሽ ኢተሩንና ደሙን ይዞ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ፊት ይመለሳል። በመጨረሻ ሰፋ ያለ፣ በአንዱ ቱቦ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚያስተነፍስ የጎማ ቱቦ ሠሩ። ጉሮሮውንም በጎዝ ወተፉ።

ማጊል በ1920 ያስተዋወቀው ጠምዘዝ ያለ ረጅም መቆንጠጫ ዛሬም በአገራችን ኦፕራሲዮን ክፍሎች ውስጥ «ማጊል» እየተባለ ይጠራል። ትሮት ፓክ ሲገባም ሲወጣም ብዙ ጊዜ የሚያዘው በእሱ ነው።

🔹 ውሃ ውስጥ የተኛው ውሻ

አሁን ምክንያቷን ወዳስቀመጥንበት እንመለስ። ቱቦው ብቻውን የአየር ቧንቧውን የሚዘጋ ቢሆንስ?

አሜሪካዊው አርተር ጉዴል በቱቦው ጫፍ ላይ የሚነፋ የጎማ ፊኛ (ካፍ) አበጀና ከራልፍ ዋተርስ ጋር በ1928 አሳተመው። ተጠራጣሪ ባልደረቦቹን ለማሳመን ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል፦ የገዛ ውሻውን በሰመመን አስተኝቶ፣ ፊኛ ያለው ቱቦ አስገብቶ፣ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ አጠለቀው። ውሻው በቱቦው እየተነፈሰ ውሃ ውስጥ ተኛ፤ አንዲት ጠብታ ወደ ሳንባው ሳትገባም በሰላም ነቃ። «ኤርዌይ» የሚል ስም ወጣለት፤ የአየር መንገድ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ማክዊን ጉሮሮውን የወተፈበት ዋና ምክንያት በአብዛኛው ተመለሰ። ውሃ ውስጥ ለተኛ ውሻ የበቃ ፊኛ ከአፍንጫ ለሚወርድ ደም አያንስም። ጎዙ ግን ከኦፕራሲዮን ክፍል አልወጣም። ታላላቆቹ እንዳስተማሩት ታናናሾቹ ቀጠሉ።

ሙሉ በሙሉ ያለ ምክንያት ነበር ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ደሙ ከፊኛው በላይ ይጠራቀማል። በተለይ ከላንቃ ጀርባ ተደብቆ የሚረጋ የደም ጓል አለ፤ ቱቦው ከወጣ በኋላ ወርዶ የአየር ቧንቧን ሊደፍን ይችላል። ሐኪሞች ይህን ጓል «የኮሮነር ጓል» ይሉታል። ኮሮነር በእንግሊዝ አገር ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው ባለሥልጣን ነው። የት ሊገኝ እንደሚችል ስሙ ይነግራችኋል።

🔹 የሳይነስ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ተለወጠ

በ1893 የኒው ዮርኩ ጆርጅ ካልድዌል፣ በ1897 ደግሞ የፓሪሱ ኦንሪ ሉክ፣ በላይኛው ከንፈር ሥር ድዱን ከፍተው፣ አጥንቱን በስተው የጉንጭ ሳይነስን የሚያጸዱበትን ዘዴ አቀረቡ። በሁለቱም ስም የሚጠራው ይህ ቀዶ ሕክምና ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖረ።

ኋላ የእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ የሃሮልድ ሆፕኪንስ ሌንስና የካርል ሽቶርትስ መሣሪያ ሥራ ተጣምረው ቀጭንና ብሩህ ኢንዶስኮፕ ተገኘ። በኦስትሪያ ግራትስ ዋልተር ሜሰርክሊንገር በዚህ መሣሪያ የሳይነስ ፈሳሽ በየት በየት እንደሚሄድ አጠና፤ ሄንዝ ሽታምበርገርና አሜሪካ የነበረው ዴቪድ ኬኔዲ በ1980ዎቹ ዘዴውን ለዓለም አዳረሱት። ዛሬ «በካሜራ» የምንለው ያለ ውጫዊ ቁስል በአፍንጫ ቀዳዳ የሚሠራው ሕክምና ይህ ነው። የደም ሥሮችን የሚያጠብቡ መድኃኒቶች አፍንጫ ውስጥ ይደረጋሉ፣ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይላል፣ መምጠጫው አጠገብ ነው። የሚፈስሰው ደም ከድሮው ጋር አይነጻጸርም።

ጎዙ ግን አሁንም ቀጠለ። አሁን የሚሰጠው ምክንያት «ታካሚው ደም እንዳይውጥና እንዳያስታውከው» የሚል ሆነ።

🔹 ጎዙ ሲረሳ

ኢንተርን ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና አልቋል፤ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ነው፤ ሁሉም ይቸኩላል። ጎዝ የምትቆጥረው ሲስተር «አንድ ጎድሏል» አለች። ወለሉ ታየ፣ ባልዲው ተገላበጠ፤ የለም። «በቆጠራ ስህተት ይሆናል» ተባለ። ሲስተር ግን ፍንክች አላለችም፦ «ጎዙ ሳይገኝ ቱቦው አይወጣም!» በመጨረሻ ጉሮሮው ሲታይ ጎዙ እዚያው ነበር፤ በደም ርሶ ከሥጋው ጋር ተመሳስሏል። ያስገባው የሰመመን ባለሙያ መሐል ላይ በሌላ ተተክቶ ወጥቷል፤ የተተካው አልተነገረውም፤ ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ «እሱ ያወጣዋል» ብሎ ነበር።

ማንም ሰነፍ አልነበረም። አደጋው የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ጎዙን የሚያስገባው አንዱ፣ የሚያወጣው ሌላው ይሆናል። የሆድ ጎዝ ሲረሳ ሕመሙ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ የጉሮሮ ጎዝ ሲረሳ ግን ቱቦው እንደወጣ አየር ሊዘጋ ይችላል። ጊዜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

በብሪታንያ እንዲህ ያሉ ክስተቶች በመደጋገማቸው የአገሪቱ የታካሚዎች ደኅንነት ኤጀንሲ በ2009 ማሳሰቢያ አወጣ። ሁለት ነገር ጠየቀ። መጀመሪያ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ ጎዙ ለምን እንዳስፈለገ ይወሰን፤ በልማድ አይግባ። ሁለተኛ፣ ከገባ ቢያንስ አንድ የሚታይ ምልክትና አንድ የተመዘገበ ማስረጃ ይኑር። የሚታየው ምልክት ታካሚው ወይም ቱቦው ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ ወይም ጎዙን ከቱቦው ጋር ማሰር፣ ወይም ጫፉን ከአፍ ውጭ መተው ሊሆን ይችላል። ማስረጃው ደግሞ ሲገባም ሲወጣም ሁለት ሰው አይቶ መመዝገብ ወይም የጎዝ መቁጠሪያ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነው።

🔹 2018፦ ጥያቄው በመጨረሻ ተጠየቀ

«እንዳይረሳ ምን እናድርግ?» ከሚለው በፊት መጠየቅ የነበረበት «መጀመሪያውኑ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ነበር። የብሪታንያ የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር፣ የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርና የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር አንድ ላይ ሆነው የተሠሩትን ጥናቶች መረመሩና በ2018 አናስቴዥያ በተባለው መጽሔት ውጤቱን አወጡ።

ጎዙ ማስታወክን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የጉሮሮ ሕመም ግን ያመጣል። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያዎች ለአዋቂዎች በልማድ ትሮት ፓክ ማስገባታቸውን ከእንግዲህ አንመክርም አሉ። ልዩ ምክንያት ካለ ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ማንኛውም የቀዶ ሕክምና ጎዝ ተቆጥሮ ይግባ፣ ተቆጥሮ ይውጣ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የሰመመን ስፔሻሊስት አይደለሁም። ምክረ ሐሳቡ «ጎዝ ያስገባ ሐኪም አጥፍቷል» አይልም። ጥናቶቹ በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው፤ ብዙ ደም የሚፈስስበት ቀዶ ሕክምናም ከቀላሉ ይለያል። የተለወጠው ነገር የማስረዳት ግዴታው ነው፦ ድሮ ጎዝ ያላስገባ ነበር የሚጠየቀው፤ አሁን ያስገባው «ለምን?» ይባላል። ከማክዊን እስከዚህ ጥያቄ ድረስ 140 ዓመት ፈጅቷል።

🔹 በእኛ አገርስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር (ቼክሊስት) ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ጎዝ፣ መርፌና መሣሪያ መቆጠሩ በድምፅ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። የእኛም ጤና ሚኒስቴር «ሳልትስ» በተባለው ከ2016 እስከ 2020 በተነደፈው ስትራቴጂክ ዕቅዱ ይህን ዝርዝር ለማስፋፋት ሠርቷል።

ቼክሊስት ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚያስከብረው «ሳይገኝ አይወጣም» የምትል ሲስተር ናት። ባልደረቦቼ፣ እንደዚያች ሲስተር ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ አመስግኑት እንጂ «አዘገየኸን» አትበሉት።

✅ የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃችሁ

1️⃣ ሁለት ዓይነት ጎዝ እንዳለ እወቁ። አፍንጫ ውስጥ የሚደረግ ማሸጊያ ሆን ተብሎ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ መቼና የት እንደሚወጣ ጠይቁ፣ ራሳችሁ አታውጡት። የጉሮሮ ጎዝ ግን ከሰመመን ሳትነቁ መውጣት ያለበት ነው፤ ይዛችሁት ወደ ቤት የምትሄዱት ነገር አይደለም።

2️⃣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሰመመን ባለሙያውን «ጉሮሮዬ ውስጥ ጎዝ ይደረጋል? ከተደረገ መውጣቱ እንዴት ይረጋገጣል?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ነውር የለውም፤ ጥሩ ባለሙያ በደስታ ይመልሳል።

3️⃣ አስፒሪን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የባህል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚነቃነቅ ወይም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላችሁም እንዲሁ። ጾም እደሩ የተባለውን ሰዓት አክብሩ።

4️⃣ ከነቃችሁ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ጉሮሮ መከርከርና ምራቅ ላይ ትንሽ ደም ማየት የተለመደ ነው። ከቱቦው ብቻም ሊመጣ ይችላል። ራስጌያችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተኙ፤ ሐኪማችሁ እስኪፈቅድ ድረስ አትናፈጡ።

5️⃣ እነዚህን ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍሱ ድምፅ መኖር፣ ጉሮሮ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር እንዳለ መሰማት፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ የማይቆም ቀይ ደም፣ የዓይን እብጠት ወይም የእይታ መቀነስ፣ ከአንገት መገተር ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታትና ትኩሳት።

ለጠየቀችኝ እኅቴ፦ ስጋትሽ ተራ ፍርሃት አልነበረም። ትልልቅ ማኅበራት ተሰብስበው የጠየቁትን ጥያቄ ነው አንቺ ከመኝታ ቤትሽ ሆነሽ የጠየቅሽው። ቀጠሮሽን ግን አትሰርዢ። ጥያቄሽን ይዘሽ ሂጂ። እግዚአብሔር ይማርሽ!

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪማችሁን ምክር የሚተካ አይደለም። የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ላለው ወዳጅ ዘመድ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!